ፓኬቱ ላይ የቀረች እጅ

ሽማግሌ የሚመጣበት ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። ግቢው ይጠረጋል፣ ውሻው ይታሰራል፣ ልጅቷ ጓዳ ትገባለች፣ ጎረቤት ደግሞ ጨው አበድሩን እያለ ይመላለሳል። አንኮበር ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ያለው የቄስ ወልደኪዳን ቤት ያን ቅዳሜ ያረፈደው እንደዚሁ ነው። ጨው ሊበደር የመጣውን ሰው ላየ፣ አገሩ ከርሞ ከርሞ ያን ቀን ወጥ ሊሠራ የተነሳ ይመስለው ነበር።

ጓዳ የገባችው ሰርካለም ናት። ነገሩን ከመሃል ለሚሰማ፣ ከሥሩ እንዲህ ነው። ሰርካለም የቄሱ አንድያ ልጅ ናት፤ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት አባቷና አክስቷ ናቸው ያሳደጓት። ደብረ ብርሃን ወጥታ ትምህርቱን ስትበላው ስትበላው አሁን የሦስተኛው ዲግሪ ጫፍ ደርሳለች። እሱም በንግድ ነው። ሻጭ ገዢን በምን እንደሚያማልል፣ ገዢም በምን እንደሚታለል ታጠናለች። ይሄ ነገር ለአክስቷ ለእትዬ አዲስዓለም እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

"ንግድ ምን ሆኖ ነው ዶክተር ያስፈለገው?" ትላለች። ትልና ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷን ታሳያታለች።

"እትዬ፣ እኔ የጉልበት ዶክተር አይደለሁም።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ተምረሽ አንዲት ጉልበት ታቅትሽ?"

ያን ቅዳሜ ግን ጉልበቱም ተረስቷል። እትዬ አዲስዓለም የጓዳው በር ስንጥቅ ላይ አንድ ዓይኗን ተክላ፣ የምታየውን ሁሉ በሹክሹክታ ታወርዳለች።

"መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት ፊት የሚለው ጋሽ ተፈራ ነው፤ ያ አፈ ማሩ። ጋቢውን አሳጥቦታል። ሁለተኛው አስም ያለበት ነው መሰል፣ ዳገቱ ገድሎታል። ሦስተኛው... ውይ፣ ካርቶን ተሸክሟል።"

"የምን ካርቶን?"

"እኔ ምን አውቄ። ሽማግሌ ባዶ እጁን ይመጣል እንጂ ተቀመጡ እንኳ ሳይባል ስጦታ ምን ይሉታል? ወጉንም ፋብሪካ በላው እንግዲህ።"

ሰርካለም አልሳቀችም። ስንጥቁን አክስቷን አስለቅቃ አየች። ካርቶኑ ላይ የታተመውን ሥዕል ከዚያ ርቀት ለየችው፤ እሷ ባትለየው ማን ሊለየው። 

ሽማግሌ የላከው የቃለ አብ ቤት ነው። ቃለ አብ ደግሞ የወይዘሮ ደመቀች ልጅ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ወይዘሮ ደመቀችን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ሕፃኑ ባያውቃት ሆዱ ያውቃታል። "ቡራኬ" የሚባለውን የሕፃናት ገንፎ ዱቄት የሚያመርተው ፋብሪካ የሷ ነው። ቤቷ ፎቅ፣ መኪናዋ የመስኮቱ መስተዋት ጥቁር። የቄሱ ቤት ደግሞ ጣሪያው በነፋስ እንዳይሄድ ድንጋይ የተጫነበት። ሁለቱን ቤት ያገናኘው አንድ ሰፌድ ገብስ ነው።

አዝመራ ሲደርስ ነበር። ቃለ አብ ካሜራ አንግቶ አንኮበር መጣ። እናቱ ለደብሩ ምንጣፍ ሰጥታ ነበርና፣ ቄሱ አዲስ ለሚወጣው የሕፃናት ገንፎ መስቀላቸውን ይዘው ገብስ ሲባርኩ አንድ ፎቶ ይነሱ ተባለ። "ለሕፃናት ከሆነ ይሁን" አሉ ቄስ ወልደኪዳን። ያን ቀን ነፋሱ ሰፌዱን እየነጠቀ አስቸገረ። ስለዚህ ሰርካለም ከጎን ሆና፣ ፎቶው ውስጥ ሳትገባ፣ የሰፌዱን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

"ትንሽ ወደ ኋላ በይ፣ እጅሽ ገባ" አላት።

"እጄ ምን አረገህ?"

"እኔን? ምንም።" ይሄን ብሎ ካሜራውን መጫን ረሳ። ቄሱ መስቀል እንደያዙ፣ ክንዳቸው እስኪዝል ቆሙ። ካሜራው ወደ ቄሱ፣ የልጁ ዓይን ወደ ሰፌዱ ጠርዝ።

ፓኬቱ ታትሞ ሲወጣ ቄሱ ከነመስቀላቸው መሃል ላይ አሉ፤ ዳር ላይ ደግሞ አንዲት እጅ ከነእጅጌዋ ቀርታለች። አታሚው ትቆረጥ ቢል ቃለ አብ አሻፈረኝ ብሎ ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አንዱን ፓኬት ይዞ ጠበቃት።

"ሌላው ሰው ቀለበት ይሰጣል" አላት። "እኔ ግን እጅሽን በየሱቁ ለጠፍኩልሽ።"

ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ብርዷን ረሳች ብትባል ውሸት ነው፤ ብርዷ ያው ነው። ግን ጃኬቱ የሱ፣ ትከሻው የሷ ሆነና ክረምቱ አለፈ። የትም ሱቅ ስትገባ መደርደሪያው ላይ እጇን ታያለች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ባለሱቁ ደግሞ ለሱ መስሎት ፈገግ ይላል።

ፍቅር እንዲህ ተመችቶት ሳለ ነው ትምህርቷ የመጣበት።

ለመመረቂያዋ እናቶችን ትጠይቅ ነበር። ለልጃቸው የሚያበሉትን ሲገዙ ምኑን አይተው እንደሚገዙ። ገበያ ላይ ጠየቀች፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ጠየቀች፤ ከዚያ ከምዕራብ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ዘንድ ሄደች። እዚያ ይታይሽ የምትባል ሴት አገኘች። ይታይሽ ማሳዋም፣ ጎተራዋም፣ ላሟም እዚያው ወዲያ የቀሩባት ናት። የእርዳታ ዘይትና ምስሯን እየሸጠች "ቡራኬ" ትገዛለች።

"ይሄን ምን አይተሽ መረጥሽው?" አለቻት ሰርካለም።

ይታይሽ ፓኬቱን አዙራ የቄሱን ፊት በጣቷ ነካች፤ ጣቷን ሳመችው። "እኚህን አባት ነዋ። መስቀል የያዘ ሰው ለልጅ ውሸት ይሰጣል? ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊታቸውን ግን አነባለሁ።" ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በኩራት አሳየቻት። "እዪው ኃይለ ገብርኤልን፣ እንዴት እንደወፈረልኝ።"

ሰርካለም አየች። ሕፃኑ አልወፈረም። ፀጉሩ ሳስቷል፣ እግሩ አብጧል፤ ጣት ሲያርፍበት ጎድጉዶ ይቀራል። እናቱ እብጠቱን ሥጋ መስሏት ጎረቤት ታስመርቅበታለች። ሰርካለም ዓይኗን ስታወርድ፣ ይታይሽ እጅ ላይ ካለው ፓኬት ዳር የራሷን እጅ አየች።

በዚያች ሰዓት ያቺን እጅ ከክንዷ ነቅላ ብትጥላት በወደደች።

ሕፃኑን ሆስፒታል አደረሰች። ፓኬቱን ቤተ ሙከራ ወሰደች። ከፊት ለፊቱ "የአንኮበር ገብስ፣ አጃና ባቄላ፣ ለሕፃን የተሟላ" ይላል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ የምትታለብ ላም አለች። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ሆነና፣ ውስጡ ፊኖ ዱቄትና ስኳር ነው፤ ገብሱ ለሽታ ያህል። ከኋላ፣ ቁንጫ በምታክል ፊደል፣ ፊኖውም ስኳሩም ተጽፏል። የኋላውን ግን ማን ያያል? የጠየቀቻቸው እናቶች ሁሉ የመለሱላት አንድ ነው፤ ቄሱን አይተን።

አስተማሪዋ ዶክተር ወርቅአገኘሁ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰርካለም፣ ይሄን ጽፈሽ ትመረቂያለሽ፤ እሱ ቀላል ነው። መደርደሪያ ላይ ከተኛ ግን ኃጢአቱ የሁለታችንም ነው።"

"አይተኛም" አለች። ያኔ ያለችውን ነው እስከ ዛሬ የምትለው።

መጀመሪያ የነገረችው ለቃለ አብ ነው። ያን ቀን ጣርማ በር ነበሩ፤ ዋሻው አፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ሻይ ገዝቶላት ነበር። ጭጋጉ በጎቹን ውጧቸው ደወላቸው ብቻ ይሰማል። ነገሯን ሰማና ሻዩን መኪናው ላይ አስቀመጠ።

"ታውቅ ነበር?" አለችው።

"ገብሱ መቀነሱን አውቃለሁ። ይሄን ያህል መሆኑን አላውቅም።"

"አልጠየቅክም።"

"አልጠየቅኩም።"

"እኔ የሰው እናት ሁሉ ስጠይቅ፣ አንተ ያንተኑ አንዲት እናት አልጠየቅክም።"

ይሄ አመመው። ሰው ሲያመው ደግሞ የሚናገረው ነገር አያምርም። "አንቺስ?" አላት። "ፋብሪካውን ያስጎበኘሁሽ፣ ከቤቴ ያስገባሁሽ፣ ለካ ለጥናትሽ ኖሯል የወደድሽኝ።"

ሰርካለም ጃኬቱን አወለቀች፤ አጣጥፋ ሻዩ አጠገብ አስቀመጠችው። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስትመለስ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ተሳፋሪው ብርድ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ከረሙ። ሲከርሙ ሲከርሙ ነው ታዲያ ሽማግሌ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ አንኮበር የደረሰው። ሰርካለም ወዲያው ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። አፌን በሠርግ ሊዘጉት ነው አለች።

እትዬ አዲስዓለም ግን ሌላ ምክር ነበራት። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። አግቢው። ፋብሪካውን ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ። እኔም ባሌን ያስተካከልኩት ከሠርጉ በኋላ ነው።"

"ተስተካከለ?"

"ሞተ እንጂ ሊስተካከል ነበር።"

ሰርካለምን እንቅልፍ የነሳት ግን ባሉም ፋብሪካውም አይደለም። አባቷ ናቸው። የነገሩን ግማሽ እንኳ አልነገረቻቸውም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልንገራቸው ትላለች፣ ሲመለሱ ልንገራቸው ትላለች። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሰው አታለልክ ብሏቸው የማያውቅ ሰው፣ በገዛ ፊታቸው የስንቱ ልጅ ፊኖ እንደበላ እንዴት ብላ ትንገራቸው? ከዚያ ወዲያ መስቀላቸውን ቀና አርገው የሚያሳልሙ አይመስላትም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ግን እንደ ወጉ አልተቀመጡም። ቄስ ወልደኪዳን ተቀመጡ ቢሏቸው ጋሽ ተፈራ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ።

"አባታችን፣ ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም። ዘር ቆጥረን፣ ቤት መርጠን መጥተናል። ልጃችሁን ለልጃችን ብለናል። ቃለ አብን እንደ ልጅ ይቀበሉን፣ ሰርካለምን እንደ ልጅ ይስጡን።"

"ሰማን" አሉ ቄሱ። "አሁን ተቀመጡ። ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚመክረው።"

ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ጋሽ ተፈራ ግን አፉ ጣፋጭ ነውና ማር ሲንጠባጠብ ማቆሚያ የለውም። ካርቶኑን በእግሩ ገፋ አረገው።

"ይቺ ከወይዘሮ ደመቀች ናት፤ ለደጅ ማንኳኪያ። ደግሞ አባታችን፣ ሴትዮዋ ያሰበችውን ልንገርዎ። ከሠርጉ በኋላ አዲስ ፓኬት ይወጣል። እርስዎ በዚህ በኩል ከነመስቀልዎ፣ ሰርካለም በዚያ በኩል ከነመመረቂያ ካባዋ። ቄስና ምሁር ቆመው የመሰከሩለትን ገንፎ ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ሞልቶ ያማዋል?"

"ለምን ይታማል?" አሉ ቄሱ። "ማነው የሚያማው?"

ጋሽ ተፈራ ጠላውን አነሳ። አስሙ ያለበት ሽማግሌ ሳለ። 

ጓዳ ውስጥ እትዬ አዲስዓለም የሰርካለምን ቀሚስ ያዘች። "ተይ። ሽማግሌ ፊት ልጅቱ አትወጣም። ተይ ብዬሻለሁ።"

"እትዬ፣ ልቀቂኝ።"

"ነውር ነው።"

"ነውሩ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው" አለችና ወጣች።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ያላየ መስሎ እንዲያልፍላት። እሷ ግን ካርቶኑን ከፍታ አንዱን ፓኬት አወጣች፤ አባቷ እግር ሥር በርከክ አለች።  

"አባዬ፣ ከኔ ይስሙት። ከሌላ ሰው ሳይሰሙት ልንገርዎ ነበር፣ ፈራሁ። ይሄ የርስዎ ፊት ነው። ይቺ ዳር ያለችው እጅ የኔ ናት። በላዩ ገብስ ነው ይላል፤ ውስጡ ፊኖና ስኳር ነው። አስመርምሬዋለሁ። እናቶቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ የሚገዙት እርስዎን አይተው ነው።"

ቄስ ወልደኪዳን ፓኬቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ብራናውን ያለ መነጽር የሚያነቡት ሰውዬ የኋላውን ፊደል ሊለዩት አልቻሉም። አዙረው የራሳቸውን ፊት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት፤ እንደማያውቁት ሰው።

"የተጎዳ አለ?" አሉ።

"አለ። መጠለያው ውስጥ የምትኖር የአንዲት እናት ሕፃን። ወፍሯል ብላ ነበር፣ እብጠት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አሁን እብጠቱ ጎድሎለታል፣ ጡትም ይዟል።"

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

ይሄን አልጠበቀችም። ይቆጣሉ ብላ ነበር፣ ያለቅሳሉ ብላ ነበር። "ኃይለ ገብርኤል" አለች።

"ኃይለ ገብርኤል" አሉ ቄሱ፤ ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ቀጥለው ለሷ ይሁን ለራሳቸው በማይታወቅ ድምፅ፣ "ምንጣፍ ሰጠችን፤ እኔም ፊቴን ሰጠኋት። ያረጀ ፊት ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። ለካ የሰጠኋት የሰውን እምነት ኖሯል። እሱ ደግሞ የኔ አልነበረም፣ የምሰጠው።"

ሰርካለም እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ቀዝቅዟል፤ ግን አልሸሿትም። ያን ጊዜ ለስንት ወር የተሸከመችው ድንጋይ ተንከባሎ ገደሉን ወረደ።

በዚህ መሃል ነው ውሻው የጮኸው። እትዬ አዲስዓለም ከጓዳ ብቅ አለችና አየች። "ኧረ ጉድ። ሽማግሌ ልኮ መኪና ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ አማት የት ታይቶ ያውቃል?"

እውነትም ወይዘሮ ደመቀች ናት። መልሱ ዘገየባት፤ ትዕግሥት ደግሞ ፋብሪካዋ አያመርትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አርጋ፣ በዚያ ዳገት ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ቃለ አብ አለ። ከስቷል። ሰርካለም አየችውና ዓይኗን ሰበረች፤ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ነው።

ወይዘሮ ደመቀች የተከፈተውን ካርቶን አየች፣ የቄሱን ፊት አየች፣ ገባት። ሞኝ አይደለችም።

"ልጄ" አለቻት ሰርካለምን፣ "እኔ እኮ ፎቅ ውስጥ አልተወለድኩም። ለሚ ገበያ ላይ በሶ እየሰፈርኩ ነው ይሄን ልጅ ያሳደግኩት። በበሶዬ ማንም ከሶኝ አያውቅም።"

"ያኔ የሸጡት በሶ ነበራ፣ ወይዘሮ ደመቀች።"

"ገብሱን ቢራ ጠማቂው ከማሳው ላይ እየቀደመ ወሰደብኝ። ምን ላርግ? ፋብሪካውን ልዝጋው? እዚያ የሚሠሩት ሴቶች የት ይግቡ?"

"አይዝጉት። ፊኖና ስኳር ከሆነ ፊኖና ስኳር ነው ብለው በትልቁ ከፊት ይጻፉት። ለጨቅላ አይሆንም ብለው ይጻፉ። ያባቴን ፊት፣ የኔን እጅ፣ ያቺንም ላም ያውርዱ። ከዚያ የፈለገ ይግዛዎት።"

"እንዲህ ብዬ ጽፌ ማን ይገዛኛል ታዲያ?"

 ጋሽ ተፈራ እንኳ የሚያንጠባጥበው አጣ። ወይዘሮ ደመቀች የተናገረችው ነገር ዞሮ የራሷ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ፊቷ ላይ ታየ። ወደ ልጇ ዞረች። "ቃልዬ፣ አንተ ንገራት።"

ቃለ አብ ወደ ፊት መጣ። ያየው ግን እናቱን አይደለም። "ሰርካለም፣ ጣርማ በር ላይ አልጠየቅክም አልሽኝ። ጠየቅኩ።"

ሰርካለም አንገቷን ቀና አረገች።

"ገብሱ መቼ እንደቀነሰ፣ ምን እንደተተካበት፣ ማን እንዳዘዘ፤ ወፍጮው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሄድሽ አብሬሽ ሄጄ እናገራለሁ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሰፌዱ ላይ የነበረው ገብስ እውነት ነበር፣ ውሸት ያረግነው በኋላ ነው። ሽማግሌ እንድትልክም እማዬን የለመንኳት ሳንጣላ በፊት ነበር። አፍሽን ለመዝጋት አይደለም። አፍሽ ቢዘጋ ምኑን ነው የማገባው?"

እትዬ አዲስዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አረገች። አስሙ ያለበት ሽማግሌም ሳሉን ያዘው፤ እንዳያመልጠው።

"ለጥናትሽ ነው የወደድሽኝ ያልኩሽን..." አለና አልጨረሰውም።

"በርዶኝ ነበር ያን ቀን" አለችው ሰርካለም። ሌላ አላለችም። እሱ ግን ሁሉንም ሰማ፤ ዓይኑ ሞላ።

"ቃልዬ" አለች እናቱ በቀጭን ድምፅ፣ "በኔ ላይ?"

"ካንቺ ጋር ነኝ፣ እማዬ። ለዚህ ነው እምቢ ያልኩሽ።"

ቄስ ወልደኪዳን ተነሱ። ሲነሱ ሁሉም ተነሳ። "ጋሽ ተፈራ፣ መልስ ስጡን ብላችኋል። መልሴ ይሄ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቆማለሁ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ወልደኪዳን አትመኑት፣ ፊታችሁ የቆመውን ስሙት እላለሁ። ልጄ ከጎኔ ቆማ የኋላው ጽሑፍ እንዴት እንደሚታይ፣ ሻጭ ዓይን በምን እንደሚያስር ታስረዳቸዋለች። ምስሌን ከየሱቁ ማውረድ አልችልም፤ አፌ ግን የኔ ነው።" ወደ ወይዘሮ ደመቀች ዞሩ። "አንቺም ነይ። ማንም አይሰድብሽም። ካህን ጥፋቱን ሲናዘዝ ምእመን ቢሰማ ነውር የለውም።"

"የጋብቻውስ ነገር?" አለ ጋሽ ተፈራ፤ የመጣበትን መቼም አይረሳም።

"ገብሱ ሲመለስ ተመለሱ። በሩ አልተዘጋም።"

ሰርካለም የምትናገረው ነበራት። "ሰኞ ደብረ ብርሃን ነኝ። መጠለያው ውስጥ ከነይታይሽ እጀምራለሁ፤ እሷ ራሷ እናቶቹን ልትሰበስብልኝ ቃል ገብታለች። ከዚያ ጤና ጣቢያዎቹ፣ ከዚያ ሬዲዮው። ሰላ ድንጋይም ለሚም እሄዳለሁ። ካባውን ልልበሰው አልልበሰው ያኔ ይታያል።" አባባሏ ቁጣ አልነበረውም። እንጀራ ልግዛ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ያመናት።

ወይዘሮ ደመቀች ወደ መውጫው ዞረች። በሩ ላይ ግን ቆም አለች። "ቅዳሴው በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?" አለች፤ ፊቷን ሳትመልስ። ነገሯት። ሄደች።

ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እትዬ አዲስዓለም እስከ ግቢው በር ተከተለቻቸው። "ጋሽ ተፈራ፣ ካርቶኑን ረስታችኋል። ዳገት ለወጣበት ቁልቁለት አይከብደውም፤ ያዙት።" ያዙት።

ቃለ አብ መጨረሻ ቀረ። ከሰፌዱ ጠርዝ ጀምሮ የሚያውቃትን ያችን እጅ አየ፤ ሊይዛት ግን አልደፈረም። ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለውና፣ "ነገ ጠዋት እዚህ ይበርዳል" ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ሰርካለም አፋፉ ላይ ቆማ ሸኘችው። ደመናው ከታች ካለው ቆላ እየተነሳ ነበር፤ እየራቀ ሲሄድ ጉልበቱን ዋጠው፣ ወገቡን ዋጠው። ጭጋጉ ሊሸፍነው ሲል ዞር አለ። ያኔ ሰርካለም እጇን ከፍ አረገች፤ ሰፌድ ሳትይዝ፣ ለማንም ሳትመሰክር፣ ለሱ ብቻ። ስንት ሱቅ ውስጥ ተለጥፋ የከረመችው እጅ በዚያች ሰዓት ተመልሳ የራሷ ሆነች። ሞቀቻትም።